ከአምስት ኩንታል አንዲት ጤፍ

የደሴ አውቶቡስ በሩን ከመክፈቱ በፊት ዕድሜ ይጠይቃል፤ የተሳፋሪውን ሳይሆን የዓለሙን። ተሳፋሪው መታወቂያውን ከበሩ ዐይን ፊት ይይዛል፤ አውቶቡሱም በለሰለሰ የሴት ድምፅ «አሥራ ሦስት፣ ወደ ፊት» ወይም «ሃያ ስድስት፣ ወደ ኋላ» ይላል። ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዘጠና አምስት ዓመቱ ነው የሚሉት በመካከለኛው በር ይገባሉ፤ ወንበራቸው ጥቂት ነው፤ ስንቃቸውን ስለሚካፈሉ ግን በእነርሱ በኩል ሁልጊዜ ጥሩ ጥሩ ይሸታል። አሥራ ሁለቶች የራሳቸው አውቶቡስ ተመድቦላቸዋል፤ እርሱም ስለማይመጣ በእግራቸው ይሄዳሉ።

በሁለት ሺህ ዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ይህ ማንንም አያስደንቅም ነበር። ሰዎች ማለዳ ሲገናኙ «እንዴት አደርህ» ካሉ በኋላ «ስንት ነህ?» ይባባላሉ፤ የሚጠየቀው ቢሊዮኑ ነው። ዳቦ ቤቱ ሁለት በር አለው። እድሩ በአራት ተከፍሏል፤ የአሥራ ሦስቶች ድንኳን ለሃያ ስድስት ሬሳ አይተከልም። ክርክሩ መጀመሪያ የተነሣው በሊቃውንት መካከል ነበር፤ አንዱ ወገን ከቅርብ ከዋክብት፣ ሌላው ከጥንት ብርሃን ተነሥቶ የዓለምን ዕድሜ ሲለካ ሁለቱ ልኬቶች ሳይገጥሙ ቀሩ። ሊቃውንቱ ዛሬም እየተከራከሩ አብረው ምሳ ይበላሉ ይባላል። ሕዝቡ ልኬቱን ለእነርሱ ትቶ ክርክሩን ወሰደ፤ ምሳውንም አልወሰደም።

ቢራራ በዚህ ከተማ የገበያ ሚዛን አራሚ ነው። ስድሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ሚስቱ ከሞተች ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። የናስ ክብደቶቹን በእንጨት ሣጥን ይዞ ከመደብር ወደ መደብር ይዞራል፤ ያረመውን ሚዛን ሁሉ «ይህ ሚዛን በኪሎ እስከ አምስት ግራም ሊሳሳት ይችላል» የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል። ነጋዴዎች ይህን ወረቀት አይወዱትም። «የጎረቤቴ ሚዛን ፍጹም ነው ይላል፤ የእኔን ለምን ታዋርደዋለህ?» ይሉታል። እርሱም ዘወትር አንድ መልስ ይመልሳል፦ «ስሕተቱን የማይናገር ሚዛን አላረምኩትም ማለት ነው።»

ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ጥሩዬ የጤፍ መደብር ገባ። ጥሩዬ ሃምሳ ሰባት ዓመት የሆናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በታላቅ ወንድሟ ግቢ የምትኖር ሴት ናት። ቢራራ የአንድ ኪሎውን ናስ ከሚዛኗ ላይ አኖረና ግንባሩን ቋጠረ።

«ወይዘሮ፣ ሚዛንዎ ይሳሳታል።»

«አውቃለሁ።»

«በኪሎ ዐሥር ግራም ለገዢው ያደላል።»

«አውቃለሁ አልኩዎት እኮ። ለመጣው ሰው ሁሉ ምራቂ ለመጨመር እጄን ከምዘረጋ፣ ሚዛኑ ራሱ ይጨምርልኝ ብዬ ነው።»

ቢራራ በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎቱ ከባለቤቱ የሚሰርቅ ሚዛን ገጥሞት አያውቅም። ሊያርመው ሲያጎነብስ እጁን ያዘችው። ሚዛኑ ሳይታረም ቀረ፤ እርሱ ግን በየሳምንቱ ሊመረምረው ይመጣ ጀመር።

ዘንድሮ በኅዳር ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ይማም ነበሩ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ወደ ሁሉም ቦታ በእግራቸው ስለሚሄዱ የዓለምን ዕድሜ ስንት እንደሚሉ የሚያውቅ ሰው የለም። የጥሩዬ ወንድም መምህር ክንፈ ሽማግሌዎቹን እንደ ወጉ ደጅ አቁመው ካቆዩ በኋላ አስገቧቸው። መምህር ክንፈ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ከከተማው ነዋሪ ግማሹን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ያቆሙ ሰው ናቸው። ተማሪ «ሃያ ገደማ» ብሎ ከመለሰ ክፍሉን ለቆ ይወጣ ነበር። «ገደማ የሰነፍ ቁጥር ነው» ይሉ ነበር።

ያን ዕለት ግን ፊታቸው በራ። ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ወዲያው «ለመሆኑ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አሥራ ሦስት» አሉ ጋሽ ይማም።

«ከእኛው ነዋ!» አሉ መምህሩ፤ ነገሩም አለቀ። የጥር ሁለተኛው ቅዳሜ ለምሳ ተቀጠረ፤ የአሥራ ሦስቶች እድር ድንኳኑን ሊሰጥ ቃል ገባ።

ሊጋቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቢራራና ጥሩዬ ወደ ስምምነት ጽሕፈት ቤት ሄዱ። በትዳር ውስጥ ጠብ እንዳይነሣ የሁለቱ ወገኖች ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጦ ማኅተም የሚመታ ቢሮ ነው። በአራተኛው መስኮት ሐያት የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሠራተኛ ሁለቱን መታወቂያዎች ጎን ለጎን አኖረች።

«አይሆንም» አለች።

«ምኑ?» አለ ቢራራ።

«ቁጥራችሁ አይስማማም።»

«እንዴት አይስማማም? ሁለታችንም አሥራ ሦስት ነን» አለች ጥሩዬ። «ዛሬም የመጣነው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው።»

«አውቶቡስ ቢሊዮኑን ብቻ ነው የሚያነብበው፣ እትዬ። ጋብቻ እስከ መጨረሻው አሃዝ ነው።» ሐያት እንደ ዜና አንባቢ ድምፅዋን አስተካከለች። «የእርሳቸው አሥራ ሦስት ቢሊዮን ሰባት መቶ ሰማንያ ሰባት ሚሊዮን። የእርስዎ አሥራ ሦስት ቢሊዮን ሰባት መቶ ሰማንያ ስድስት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት። የስምንት ዓመት ልዩነት አላችሁ።»

«ኧረ እኛ የምንበላለጠው በአራት ነው!»

«የእናንተን አላልኩም። የዓለሙን ነው።»

ቢራራ መታወቂያዎቹን አገላብጦ ተመለከተ። የእርሱ ቁጥር ሊቃውንቱ ካሳተሙት ወረቀት ራሱ የገለበጠው ነው። የጥሩዬን ቅጽ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ባሏ ሞቶ ወደ ወንድሟ ግቢ በገባች ጊዜ፣ የሞሉላት መምህር ክንፈ ነበሩ።

«መፍትሔውስ?» አለ።

«ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወገን መለወጥ ነው፤ እርስዎ ይህችን ቁልፍ አንድ ጊዜ ቢነኩ የእትዬን ቁጥር ይይዛሉ፤ ወዲያው ይጠናቀቃል። የእትዬን ቅጽ ግን ሌላ ሰው የሞላው ስለሆነ በንክኪ አይለወጥም። ሁለተኛው መታረም ነው።» ሐያት ከመሳቢያ ሥር አቧራ የለበሰ ቅጽ አወጣችና እፍ አለችበት። «ቅጹን የሞላው ሰው ራሱ መጥቶ በዚህ መስኮት ፊት ‹ተሳስቼ ነበር› ማለት አለበት። ድምፁም ለአርባ ቀን በፒያሳው ተናጋሪ ሰሌዳ ላይ ይሰማል።»

«ብዙ ሰው ይጠቀምበታል?»

«ከወጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ማንም አልጠየቀውም። እንዲያውም ትክክለኛው ማኅተም የትኛው እንደሆነ አላውቅም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ቢነኳት ይሻላል። ትናንት ብቻ ስድሳ ሰው ነካት። አንዱ ጠዋት አሥራ ሦስት ሆኖ፣ ከሰዓት ሃያ ስድስት ሆኖ፣ ማታ ተመልሶ መጥቷል።»

ቢራራ እጁን ከመስኮቱ አነሣ።

መደብሯ ሲደርሱ ጥሩዬ ነጠላዋን ከጤፉ ጆንያ ላይ ጣለችው።

«አንድ ንክኪ ነበር» አለች።

«አንድ ውሸት ነበር።»

«ስምንት ዓመት! ሰው ሁሉ ከገዛ ዕድሜው ስንቱን እየቀነሰ ያገባል፤ አንተ ከዓለም ላይ ስምንት መቀነስ አቃተህ?»

«ጥሩዬ፣ እኔ ያልመዘንኩትን ፈርሜ አላውቅም። ዛሬ ስለ ወደድኩሽ ብዬ ከፈረምኩ፣ ነገ ስለ ፈራሁት ሰው ብዬ እፈርማለሁ።»

«እና ልትተወኝ ነው?»

«አልተውሽም።»

«አልተውሽም ማለት ምንድን ነው? ቁጥሩ የማይስማማ ሰው አንድ ግቢ አያድርም፤ ሕግ ነው። ዕድሜ ልክህን እየመጣህ ሚዛኔን ልትመረምር ነው?»

ቢራራ ከሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ለራሱ እንደሚናገር ሰው ጀመረ፤ «የለኩት ሰዎች ራሳቸው እኮ እስከ መጨረሻው አሃዝ አውቀነዋል አላሉም። ሃያ ሚሊዮን ዓመት ቢበልጥ ወይም ቢያንስ አንሟገትም ብለው ጽፈው ነበር። እኔም ቅጹን ስሞላ ይህን በጠርዙ ላይ ጻፍኩት፤ ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። ቦታ የለውም አሉ።»

«ሃያ ሚሊዮን ምራቂ?»

«እንደዚያ በይው።»

«እኛ የምንጣላው በስምንት?»

«በስምንት።»

ጥሩዬ በአገጯ በጥጉ ወደ ተደረደሩት የጤፍ ጆንያዎች አመለከተች። «ስምንቱ ከዓለሙ ጋር ሲመዘን ስንት ይሆናል? በእኔ ቋንቋ ንገረኝ።»

ቢራራ ከሚለጥፋቸው ወረቀቶች በአንዱ ጀርባ ላይ ረዘም ያለ ሒሳብ ሠራ። «ያ ጤፍ ስንት ነው?»

«አምስት ኩንታል።»

«ከእርሱ ውስጥ አንድ።»

«አንድ ጭብጥ?»

«አንድ ፍሬ።»

ጥሩዬ አምስቱን ጆንያ አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። ጣቷን በምላሷ አርሳ ከተከፈተው ጆንያ ውስጥ አንዲት ፍሬ አነሣች፤ በወረቀት ጠቅልላም በመቀነቷ ቋጠረቻት።

ዓርብ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ሦስቱ፣ ማለትም ቢራራ፣ ጥሩዬና ጋሽ ይማም፣ መምህር ክንፈ ፊት ተቀመጡ። በግቢው ውስጥ የእድሩ ድንኳን ግማሹ ተተክሏል። በስተቀኝ ያለው ቤት ባዶ ነው፤ እዚያ ይኖር የነበረው ሃያ ስድስት ባይ ሰው ባለፈው ዓመት ጎረቤቶች ፈርመውበት ከግቢው ወጥቷል፤ የመጀመሪያው ፊርማም የመምህሩ ነበር።

«ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ» አሉ መምህሩ ነገሩን ሰምተው። «እኔ ደግሞ ቁጥር አልሳሳትም። የተሳሳተው አቶ ቢራራ ነው።»

«መምህር፣ ስምንቱን ለምን ቀነሱት?» አለ ቢራራ።

«ቁጥሩ ከየት መጣ?»

«ከባሕር ማዶ።»

«ከባሕር ማዶ የመጣ ዓመት ምን ይደረግለታል? ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነው፤ ስምንት ይቀነስለታል! አንተ የፈረንጁን እንዳለ ገለበጥከው፤ እኔ ወደ አገራችን አቆጣጠር መለስኩት። ይኸው ነው።»

ቢራራ ነገሩ ወዲያው ገብቶታል፤ ሰውን በገዛ ቤቱ ማዋረድ ግን ከበደው። ጋሽ ይማም ግን በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ቆይ እንጂ ክንፈ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝና አስረዳኝ። አንድ የሰባ ዓመት ፈረንጅ ቦሌ ሲወርድ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ይሆናል?»

«ኧረ ጋሽ ይማም…»

«ይሆናል ወይስ አይሆንም? የሚሆን ከሆነ እኔም ልውጣና ልግባ። እንዲህ ከሆነማ የአውሮፕላኑ ወረፋ አይቻልም!»

ቢራራ ሣቁን በሳል ሸፈነው። መምህሩ አልሣቁም። «ይኼ ሌላ ነው» አሉ፤ ሌላነቱን ግን አላብራሩም።

ጥሩዬ እጇን ዘረጋች። «ጋሼ፣ እስቲ ያንተን መታወቂያ ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ስጠኝማ።»

ሰጧት። ከራሷ ጋር አስተያየችው፤ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ያንተ በዘጠና ሦስት ያልቃል» አለች። «የኔ በዘጠና ሁለት።»

«አይሆንም።»

«አንተ መቼ ተመዘገብክ?»

«በጥቅምት።»

«እኔንስ መቼ አስመዘገብከኝ?»

መምህሩ ያስመዘገቧት በየካቲት ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከፈረንጅ ዓመት የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። ይህን ደንብ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በከተማው የለም። በጥቅምት ለራሳቸው ሰባት ቀንሰዋል፤ በየካቲት ለእኅታቸው ስምንት። ስለዚህ በመዝገቡ መሠረት በሁለቱ ወራት መካከል የዓለም ዕድሜ በአንድ ዓመት ቀንሷል።

«ቁጥሩ የማይስማማ ሰው አንድ ግቢ አያድርም» አለች ጥሩዬ በቀስታ። «ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን፣ ጋሼ። ማንኛችን እንውጣ?»

የመምህሩ ዐይን ሳይታዘዝ ወደ ባዶው ቤት ሄደ።

ጥሩዬ ከመቀነቷ ወረቀቷን ፈትታ በመዳፋቸው ላይ አራገፈችው። «ጠባችን ይኸው። ከአምስት ኩንታል ውስጥ ይህቺን ያህላል። ቢራራ ነው ያሰላው፤ ከፈለግህ ድገመው።»

መምህር ክንፈ መነጽራቸውን አደረጉ፤ መዳፋቸውን ወደ ብርሃን አዞሩ።

«የታለች?» አሉ።

«ወደቀች መሰለኝ» አሉ ጋሽ ይማም።

ሦስቱም ከቤቱ ሲወጡ መምህሩ መዳፋቸውን ዘርግተው እንደ ተቀመጡ ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ መምህር ክንፈን እንደ ወትሮው «አሥራ ሦስት፣ ወደ ፊት» አላቸው። ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከራቫታቸውን አስረው ከአራተኛው መስኮት ፊት ቆሙ። ሐያት ባየቻቸው ጊዜ ሳታውቀው ከወንበሯ ተነሣች።

«መምህር! ምን ልታዘዝ?»

«የመታረሚያውን ቅጽ።»

ቅጹን በጥንቃቄ ሞሉት። ሁለት ሰው ጻፉ፤ ራሳቸውንና እኅታቸውን። ከዚያም ከመስኮቱ ወደ ተዘረጋው ድምፅ መቅጃ ጎንበስ አሉ።

«ተሳስቼ ነበር።»

«ድምፅዎ አልተሰማም፤ እባክዎ ይድገሙት» አለ መሣሪያው።

«ተሳስቼ ነበር» አሉ ከፍ አድርገው።

«ድምፅዎ አልተሰማም፤ እባክዎ ይድገሙት።»

መምህር ክንፈ ቀና አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በክፍሉ የመጨረሻውን ወንበር ሲቀሰቅስ የኖረውን ድምፅ አወጡ። «ተሳስቼ ነበር! የተለካ ዕድሜን እንደ ቀን መቁጠሪያ ዓመት ቆጥሬ ቀነስኩ። ሰውም ይህን ከእኔ ተምሯል!»

ከውጭ፣ ከፒያሳው በኩል፣ ያው ድምፅ በሰሌዳው ላይ ሲያስተጋባ ተሰማ።

ሐያት አንዱን ማኅተም ሞከረች፤ አልሆነም፤ ሌላውን መታች። ሁለቱ ቁጥሮች ተስተካከሉ፤ የጥሩዬና የቢራራ የጋብቻ ወረቀት ከመስኮቱ ሥር ወጣ። መምህሩ አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱትና ሊሄዱ ዞሩ።

«መምህር» አለች ሐያት። የራሷን መታወቂያ ከአንገቷ አውልቃ ይዛዋለች። «እኔ የተመዘገብኩት በኅዳር ነው። ሰባት ቀንሼ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት። ስምንተኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ወንበር።» ቅጹን ገልብጣ የመጨረሻውን መስመር አሳየቻቸው። «‹ስሕተቱን ከማን ተማርህ› ይላል። ያስተማረው ሰው ካለ ይፈርማል ይላል።»

መምህሩ እስክሪብቶአቸውን አውጥተው ፈረሙ። ቀና ሲሉ ከበሩ ላይ አንድ የአናጺ ልብስ የለበሰ ሰው መታወቂያውን ይዞ ቆሟል፤ ከእርሱም ኋላ ሁለት ሴቶች። «ፒያሳ ላይ ሰምተን ነው» አለ አናጺው፤ እንደ ተማሪ እጆቹን አጣምሮ። መምህር ክንፈ ወደ ባንኮኒው ተመለሱ፤ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ጥሩዬ በሙሽራ ልብሷ አዳራሹ ውስጥ ገባች። ወንድሟ ከራቫታቸውን ፈትተው ይፈርማሉ፤ ጣታቸው ቀለም ለብሷል።

«ጋሼ! ድንኳኑ ሞልቷል እኮ። ጋሽ ይማም ክንፈ ሳይመጣ አልመርቅም ብለው አምጸዋል። ቢራራ ድምፅህን ከፒያሳ ሰምቶ ወረቀቱ ካንተ ጋር ነው ብሎ በረንዳ ላይ ይንጎራደዳል።»

«እነዚህን ልጨርስና።»

«ስንት ቀሩህ?»

መምህር ክንፈ ከመነጽራቸው በላይ ወረፋውን ተመለከቱ። ወረፋው ከበሩ ወጥቶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ወደ መንገዱ ታጥፏል፤ ጫፉ አይታይም።

«አርባ ገደማ» አሉ።